የሸህ እንድሪስ የአማና ሣጥን

ሐሙስ፣ የካቲት 3። ወልድያ። ከምሳ በኋላ።

የሥልጠናው ሁለተኛ ቀን። የከሰዓቱ ክ/ጊዜ እስኪጀምር በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። አዳራሹ መስኮት አለው፤ መስታወት ነው የሌለው። ነፋሱ ወረቀታችንን ሲበታትን አረፈደ። ወንበር ያልደረሰው ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። ከኔ በቀር ያጉረመረመ የለም።

እውነቱን ልንገርህ? ስመጣ እንቅልፌን ልተኛ ነበር። ስንቱን ሥልጠና አየን። የሕፃናት ጥበቃ፣ የሕፃናት ደኅንነት፣ ስሙ ይቀያየራል እንጂ ያው ነው ብዬ። አሰልጣኛችን ወ/ሮ አልማዝ ግን ሌላ ሆኑብኝ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ የወልድያ ሴት። ጦርነቱ እዚሁ ቤታቸው ሳሉ ነው ያለፈባቸው። ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አይናገሩም፤ ይህንንም የሰማሁት ከጎኔ ከተቀመጠችው መምህርት ነው።

ጠዋት ግቢ አወጡንና ሣር ላይ አስኬዱን። በመሃል ቁሙ አሉ። ብረት አይታችኋል እንበል፤ አሁን በመጣችሁበት ዱካ ላይ እየረገጣችሁ ተመለሱ። ቀላል ይመስልሃል? ያ ሁሉ መምህር የገዛ ዱካው ጠፋው። የኛ ት/ቤት ር/መ/ር ጋሽ ተስፋዬ ከነኮታቸው ዘፍ አሉ። በሳቅ ፈረስን። ወ/ሮ አልማዝ አልሳቁም። ልጅ ይህን የሚያደርገው ፈርቶ፣ እያለቀሰ ነው አሉ። ስለዚህ ሳይፈራ ደጋግሞ መለማመድ አለበት። ሳቄን ዋጥኩት። ተነሥተን እንደገና ተለማመድን። ጋሽ ተስፋዬ በሦስተኛው ሆነላቸው።

ሦስት ቃል ይዛችሁ ሂዱ ይላሉ፦ አትንካ፣ ራቅ፣ ተናገር። ልጅ ከዚህ በላይ ተሸክሞ ቤቱ አይደርስም። እኔ ለ3ኛ ክፍል ብዬ ስንት ገጽ ገልብጬ ነበር መሰለህ። አፈርኩ። እኚህን ሴት አደነቅኳቸው፣ አለቀ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5። መርሳ።

ቤቴ ነኝ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ አጠገብ ኬላ ላይ ቆሞ ጸሐይ በላን። ብብቴ ሥር የተጠቀለለውን ፖስተር ፈታሹ ወታደር ዘርጊው አለኝ። ዘረጋሁ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየ። የቦምብ፣ የጥይት፣ የማይታወቅ ብረት ሥዕል። ልጆቼ ይህን ባዩት ጥሩ ነበር አለ። ልጆቹ የት እንዳሉ ግን አልጠየቅኩትም። ፖስተሩን እሱ ራሱ በጥንቃቄ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ልብስ አጠብኩ። ነገ እሑድ። ሰኞ አስተምራለሁ። እንደ አዲስ ተቀጣሪ ትምህርቱን ለራሴ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 7። 10 ሰዓት፣ ከት/ቤት መልስ።

እግሬን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ቁልቁለቱ አይደለም የሚገድለኝ፣ አቀበቱ ነው።

ት/ቤታችን ወታደር ሰፍሮበት ስለነበር ዴስኩ ሁሉ ተማግዷል። ልጆቼ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ይማራሉ። ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አትንካ፣ ራቅ፣ ተናገር አስባልኳቸው። ግቢ አውጥቼ በዱካቸው አስመለስኳቸው። ደብተሬ፣ ብታይ! አንዱም ዱካው አልጠፋውም። ከመምህራኑ ይሻላሉ።

አንድ ነገር ብቻ። ሉባባ እጇን አወጣች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጽሕፈቷ የሚያምር። አባቷ የሞተባት፣ ከእናቷ ጋር አጎቷ ይመር ቤት የምትኖር። ባለቤቱ ቢፈልገውስ ብላ ጠየቀችኝ። የምን ባለቤት? የወደቀው ብረት ባለቤት። ክፍሉ ሳቀ። ቦምብ ባለቤት የለውም፣ ተቀመጪ አልኳት። ደወሉ ሊደወል ስለነበር ቸኩዬ ነው። ተቀመጠች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8። ማምሻ።

ዛሬ ስመለስ ሸህ እንድሪስን አገኘኋቸው። ስለሳቸው ጽፌልህ አላውቅም ለካ።

ት/ቤታችን ያለበት መንደር መስጊድ ሽማግሌ ናቸው። በሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል ልጆችን ቁርኣን ያስቀራሉ። የክፍሏ ጥግ ላይ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ፤ የአማና ሣጥን ይሉታል፣ የአደራ ማለት ነው። በዚህ አገር የወደቀ ዕቃ ያገኘ ኪሱ አይከትም። ለሸሁ ያመጣል። ሸሁ ዓርብ ከስግደት በኋላ በሩ ላይ ቆመው፣ መስጊድ ውስጥ የጠፋ ዕቃ መለፈፍ አይፈቀድምና፣ ይህ ይህ የጠፋበት ይላሉ። ባለቤቱ ምልክቱን ተናግሮ ይወስዳል። ያልተወሰደው ዓመት ይጠብቃል። ልጆቹ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ይህን ያውቃሉ።

ሐምሌ ላይ ጃንጥላዬ ጠፍቶኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሰው ተሰደደ፣ ቤት ተዘረፈ። ጥር ላይ ስንመለስ ሸሁ ጃንጥላዬን ይዘው ጠበቁኝ። ሊሸሹ ሲሉ ሣጥኑን ቀብረውት ሄደው ነበር! የራሳቸው ቤት በር እንኳ ተነቅሏል። እስቲ እኚህን ሰው ምን ትላቸዋለህ?

ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል። ዕቃውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው የሚያውቁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 10። 12 ሰዓት።

ጽሕፈቴን ይቅር በለኝ።

በእረፍት ሰዓት ሉባባ ክፍል ውስጥ ቀረች። ፖስተሩ ሥር ቆማ አንዱን ሥዕል ታያለች። ጥርስ ያለው ክብ ብረት፣ ከመድፍ ጥይት ራስ ላይ የሚገጠመው። ምነው አልኳት። ይህንን አግኝቻለሁ አለች። ከአጎቷ ማሽላ ማሳ አገዳ ስትለቅም። የሰው ፓምፕ ዕቃ መስሏት። ወንዝ ዳር አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች ፓምፕ አላቸው፣ ዕቃው ከጠፋ ደግሞ መተኪያ አይገኝም። ስለዚህ በሻሿ ጠቅልላ ሸሁ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለት ሳምንት ሆነው።

ለካ ሰኞ የጠየቀችኝ ይህን ነበር። ተቀመጪ ያልኳትን።

ጋሽ ተስፋዬ ስልክ ይዘው ወደ ኮረብታው ወጡ፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው። እኔ ወደ መስጊዱ ሮጥኩ። ሸሁ ከልጆቹ ጋር ናቸው። ሣጥኑ ከጀርባቸው ክንድ አይርቅም። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። አልጮኹም። አልደነገጡም ለማለት አልችልም፤ መቁጠሪያው ከጣታቸው ወደቀ። ልጆቹን ዛሬ ጨዋታ ነው፣ አንድ በአንድ ተነሡና በዝግታ ውጡ አሏቸው። ትንሹን መጨረሻ ላይ ራሳቸው እጁን ይዘው አወጡት። በገዛ ዱካቸው! ማንም ሳያሰለጥናቸው።

ውጭ የነገሩኝን ልጻፍልህ? ያንን ብረት እሳቸው ዳብሰውታል። ዓርብ ዕለት የፓምፕ ዕቃ የጠፋበት ብለው ለፍፈዋል። ሁለት ባለ ፓምፕ መጥተው አገላብጠው አይተውታል። ሁለቱም የኔ አይደለም ብለው መልሰውታል። አንዱ ለፓምፑ ሊሞክረው ይችል ነበር፣ ማን ያየዋል። የሰው ነው ብሎ ተወ። ታማኝነታቸው ሊገድላቸው ነበር፣ ታማኝነታቸው አዳናቸው። ልስቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

አሁን የኔን ጉድ። ሰው ተሰበሰበ። ማን ነው ያመጣው አሉ። ሉባባ ናት አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። አጎቷ ይመር እዚያው ቆሞ ነበር። ወልድያ ላይ ወ/ሮ አልማዝ፣ ልጅ አምኖ የነገራችሁ እንደሆነ ስሙ ከአፋችሁ አይውጣ፣ የተናገረ ልጅ ከተቀጣ ሌላው ልጅ አይናገርም ብለው ነበር። በማግስቱ ይጠይቁናል ብዬ በቃሌ ይዤው ነበር። አፌን በቆረጠው።

ዓርብ፣ የካቲት 11።

ፈንጂ የሚያመክኑት ወታደሮች ዛሬ አልመጡም። ሐራ በኩል ሥራ ላይ ናቸው፣ ነገ ተብሏል።

ሸሁ ከትናንት ጀምሮ ከመስጊዱ ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውን አግድም አድርገው ማንንም አያሳልፉም። ስግደቱ ማዶ ሜዳ ላይ ሆነ። ምግብ እዚያው ይወስዱላቸዋል። ሌሎች እንተካዎት ቢሏቸው እምቢ። እኔም ሄጄ፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ ጎልማሶቹ ይጠብቁ አልኳቸው። ዓይኔ ቢደክም ሰው ሲመጣ እሰማለሁ አሉኝ። ደግሞም አማናው የሳቸው ነው፤ ባለቤቱ እስኪረከባቸው።

አብረናቸው ዱቅ አልን፣ እኔና ጋሽ ተስፋዬ። የመርሳ ብርቱካን ልጠን በላን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12።

መጡ። ሦስት ናቸው። አንዱ ብቻውን ገባ። ይዞት ወጣ፣ ወደ ጎርፍ መውረጃው ወሰደው። ድምፁን ሰማን። ወፎቹ ተነሡ።

ማንም አልተነካም። ማንም! ይህን ቃል ሁለቴ መጻፍ ደስ አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 13።

ደስታዬ አንድ ቀን አልዋለ። የሉባባ እናት መርሳ ድረስ መጣች። ይመር ልጅቷን እገርፋታለሁ፣ ት/ቤትም በቃት ብሏል። እስካሁን ያልነካት ንዴቱ እስኪበርድልኝ ብሎ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የሱ ሁለት ልጆች በየቀኑ ያ ሣጥን አጠገብ ቁርኣን ሲቀሩ ነበር። እንቅልፍ አልወስድ ብሎታል። ፍርሃቱ ማረፊያ አጥቶ ሉባባ ላይ ወደቀ። ስሟን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ከእናቷ ጋር ቀጥታ ወደ ሸህ እንድሪስ ሄድን። ሁሉንም፣ የኔንም ጥፋት ጭምር ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን አነሡ። ይመር ደጅ ላይ ቆመው፣ አልቀመጥም ብለው፣ እንዲህ አሉት፦ "ይመር፣ እስከ ጁምዓ ድረስ ይህች ልጅ አማናዬ ናት። አንተ ዘንድ አስቀምጫታለሁ። እንዳስቀመጥኳት እረከባታለሁ።"

ይመር አንገቱን ደፋ። አማና ለተባለ ነገር በዚህ አገር እጅ የሚያነሣ የለም። እኔ ያ ሁሉ ሥልጠና ይዤ ያላሰብኩትን እሳቸው ደጅ ላይ ቆመው አሰቡት።

ለምን እስከ ዓርብ ይቆያሉ፣ ለምን ዛሬውኑ አያስታርቁም አልኳቸው በመንገድ። የተወቀሰችው ሰው ፊት ነው፣ ቤት ውስጥ የሚነሣላት ወቀሳ አይደለም አሉኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 16።

ሉባባ ዛሬም የለችም። ሦስተኛ ቀን። ድንጋይዋ ባዶ። ልጆቹ ድንጋይዋን ትተው ነው የሚቀመጡት። ሥልጠናውን ደገምኩ፤ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ስጠይቅ ዝም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ያን ያህል ሲንጫጩ የነበሩት! ልጅ ሞኝ አይደለም። ተናገር ያልነው ምን እንደሚያመጣ አይቷል።

ር/መ/ሩ አይዞሽ ይሉኛል። አይዞሽ አያስፈልገኝም። ቀኑ ዓርብ ይሁንልኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 18። 9 ሰዓት።

እንዳይጠፋብኝ ቶሎ ልጻፈው።

ስግደቱ አልቆ ሰው በሩ ላይ ቆመ። እኔ ክርስቲያኗ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር። ሸሁ እንደ ልማዳቸው የወደቀ ዕቃ ለፈፉ። አንድ ቁልፍ፣ አንድ የሕፃን ጫማ። ባለ ጫማዋ ወጣች። ከዚያ ቆዩ። ሰው ያለቀ መስሎት መበተን ሲጀምር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"የቀረ አለ። ጥፋት የወደቀበት። ባለቤቱ እኔ ነኝ። የወደቀ ዕቃ አምጡልኝ እያልኩ ሁላችሁንም ከልጅነታችሁ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ የሰማችው እኔን ነው። መመታት ያለበት ሰው ካለ፣ እዚህ ቆሜያለሁ።"

ደብተሬ፣ መበተን የጀመረው ሰው ተመልሶ ቆመ። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው፣ የተከበሩ ሰው። አንድ ጎልማሳ ወላሂ አይሆንም እያለ ፊቱን ሸፈነ። ይመር ነው። ሄዶ እጃቸውን ሳመ። እሳቸውም ራሱን ሳሙት፣ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አሉት፣ ምን እንደሆነ አልሰማሁም።

ከዚያ አዲስ ሕግ ደነገጉ። ከዛሬ ወዲያ የማታውቁትን ብረት አማና የምትጠብቁት ባለበት በመተው ነው። "ዕቃውን አይደለም፣ ወሬውን አምጡልኝ" አሉ። ትልቁም ትንሹም ደገመው። በቃ፣ የወ/ሮ አልማዝ ሦስት ቃል እዚህ አገር በዚህ ተተረጎመ። ልጽፍላቸው ነው። ደስ ይላቸዋል፣ አውቃቸዋለሁ።

ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ። የደስታ ነው። ትንሽም የእፍረት።

ሰኞ፣ የካቲት 21።

መጣች! ይመር ራሱ አመጣት። ደጅ ላይ ቆሞ አዲስ እርሳስ ሰጣትና ሄደ። ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች።

ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ሰኞ ስትጠይቂኝ ሳልሰማሽ ተቀመጪ ያልኩሽ፣ ስምሽንም ሰው ፊት የጠራሁ እኔ ነኝ አልኳት። መምህር ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው አያውቁም፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። እሷ አቀርቅራ እርሳሷን ታያለች። በጣም ቀስ ብላ፣ "አብሽሪ፣ ቲቸር" አለችኝ። አሥር ዓመቷ! እኔን ልታጽናና።

ጥያቄዋንም መለስኩላት፣ ዘግይቼም ቢሆን። ባለቤቱ ቢፈልገውስ ላለችው። ባለቤቱ ከፈለገው ሸሁ ጋ ይምጣ፣ ያለበትን እንነግረዋለን አልኩ። ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 22። ት/ቤት፣ በእረፍት ሰዓት።

አጭር ነው፣ ጊዜ የለኝም።

አንዲት ልጅ መጣች። ከኔ ክፍል አይደለችም። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ "ሉባባን አልመቷትም፣ አይደል?"

አልመቷትም አልኳት። እውነት? እውነት። ትናንት ሉባባ ከክፍሏ ልጆች ጋር ስትስቅ አይታታለች ለካ፣ ግን ከአፌ መስማት ፈለገች። ከዚያ ነገረችኝ። ቤታቸው በሩን ደግፎ የሚያቆየው ብረት አለ፤ ጫፉ የሾለ፣ ጭራው ክንፍ ያለው። ጦርነቱ ካለፈ ጀምሮ እዚያው ነው። ቤተሰቡ በየቀኑ እየገፋው ይወጣል ይገባል።

አልጮህኩም። አልሮጥኩም። ጎበዝ፣ ደግ አደረግሽ፣ ወደ ክፍልሽ ሂጂ አልኳት። 

ጋሽ ተስፋዬ ወደ ኮረብታው ወጥተዋል። ሸህ እንድሪስ እየመጡ ነው። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ከልጅቷ ቤት ሁለት ቤት ቀድመን እንጀምራለን። ፖስተር ይዘን፣ እንደ ተራ ጉብኝት። የሷ ሦስተኛ ይሆናል። እዚያ እንደ አጋጣሚ አይተን ሰውን እናስወጣለን። ከዚያ አንቆምም፤ የመንደሩን ቤት አንድም ሳናስቀር እንዞራለን፣ ማን እንደተናገረ ማንም እንዳያውቅ። ዛሬ ባያልቅ ነገ።

የምርኩዛቸው ድምፅ ተሰማኝ። ልሂድ።

ስሟን አልጻፍኩልህም። የሉባባን አውቀኸዋል፣ ያ የኔ ጥፋት ነው። የዚህችን ግን አንተም አታውቀውም።